የሙሉጌታ ጆሮ

ሃሉንዳ በሚባለው የስደት ሰፈራችን ፖከር የሚባለውን ካርታ የምንጫወተው በገንዘብ እንዳይመስላችሁ፤ ያሸነፈ የሕንፃችንን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የቅዳሜ ተራ ይወስዳል። በፖከር መጥፎ ካርታ ይዞ ጥሩ የያዘ መምሰል አለ፤ እኔ ግን አብረውኝ የሚጫወቱትን ጎረቤቶቼን አመል በማስታወሻ እይዝ ስለነበር ቅዳሜ የኔ ነበረች፦ «ሙሉጌታ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካካል። ያሬድ ሲፈራ ያፏጫል።»

አንድ ቀን ስለ ፖከሩ ምንም የማታውቀው ባለቤቴ ማስታወሻዬን አግኝታ እንባዋ መጣ። «ለካ ለወንድሞች በየስማቸው ትጸልያለህ!» አለችኝ። እኔም እንደ ጸሎተኛ አንገቴን ደፋሁ። እሑድ ከቸርች ስንወጣ ሙሉጌታን ጠርታ፣ «ወንድሜ፣ ስትዋሽ ጆሮህን ትነካካለህ። ባሌ እየጸለየልህ ነው» አለችው። ሙሉጌታ አተኩሮ አየኝና «ተባረክ» አለኝ።

በሚቀጥለው ጨዋታ እጁን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሳ አሸነፈኝ። ቤት ገብቼ፣ «ሙሉጌታ ጆሮውን መንካት ተወ» አልኳት።

«ተመስገን!» አለች። «ያሬድን ደግሞ ነገ አናግረዋለሁ።»