የውሰት ልጅ

ሶዶ ላይ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ሐዲድ የሌለው ባቡር ስናስመጣ፣ ባቡሩ ገና ሳይነቃነቅ ትርፉን በአፋችን ተካፍለን ጨርሰን ነበር። በጎማ የሚሄድ የልጆች መዝናኛ ነው፤ አደባባዩን ዞሮ ይመለሳል። ልጆቹ ታዲያ ገንዘብ የላቸውም። ገንዘብ ያላቸው ትልልቆቹ ደግሞ እያማራቸው ያፍራሉ፤ መቼም ሶዶን ታውቃላችሁ፣ የማይተዋወቅ ሰው የለም። በዘመን መለወጫችን በጊፋታ እንኳ ባዶውን ዞረ። ልንሸጠው ስንማከር፣ ጋሽ ዳና የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አንድ ትንሽ ልጅ ይዘው መጡ። «ይሄ ልጅ አስቸገረኝ፣ ምን ላድርግ» ብለው ተሳፈሩ። ልጁ የገዙለትን ብስኩት እየቆረጠመ ያዛጋል፤ ኩርባው ላይ በሳቅ የሚፈርሱት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ያው ልጅ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ጋር መጣ። ነጋዴውም «ልጁ አስቸገረኝ» አለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአንድ መምህር ጋር። ሳምንት ሳይሞላ ባቡራችን የጎረቤት ልጅ በተዋሱ ትልልቅ ሰዎች ጢም አለ። ያን ልጅ ብቻውን ሳገኘው «ማሙሽ፣ ከነዚህ ውስጥ አባትህ የትኛው ነው?» አልኩት።

«አባቴ ዲምቱ ከተማ ነው ያለው። እነሱ ብቻቸውን መሳፈር ስለሚያፍሩ ነው የማሳፍራቸው።»

አንጀቴን በላው። «በል ና፣ አንዴ እንኳ ለራስህ በነፃ ልውሰድህ» አልኩት።

ባቡሩን ቀና ብሎ አየና «እኔ ባቡር አልወድም፣ ያጥወለውለኛል። የምመጣው ለብስኩቱ ነው» አለኝ።

በማግስቱ አንድ ካርቶን ብስኩት ገዝቼ ሥራ ገባሁ።