የእማማ ሙሉወርቅ እጅና የሙቀት መለኪያው

ሰው በእጁ የለመደውን ሥራ ሌላ ነገር ከእጁ አብልጦ ያውቀዋል ቢሉት ማመን ይቸግረዋል። እማማ ሙሉወርቅም እንደዚያው ነበሩ። ባይሆኑ ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እማማ ሙሉወርቅ ከሲያትል በስተደቡብ ወዳለ አንድ የጠመቃ ዕቃ መሸጫ ገቡ። ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ከልጃቸው ከሳሌም ጋር የሚኖሩ የስልሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው። ሳሌም በየቤቱ እየሄደች አረጋውያንን ስለምትንከባከብ ቅዳሜም ሥራ ላይ ነች፤ ስለዚህ በአውቶቡስ መጡ። የመጡት ብቅል ፍለጋ ነው። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራው የሳቸው ነው፤ እቤት ለማብቀል የዘፈዘፉት ገብስ ደግሞ ሻግቶባቸዋል።

በየበርሜሉ የተሞላውን ገብስ እየቆነጠሩ ሲቀምሱ፣ አጠገባቸው አንዲት ወጣት ስልኳ ላይ ካለ ዝርዝር እያመሳከረች ከአንዱ በርሜል ትዝቃለች። መልኳን አይተው በአማርኛ፣

«ልጄ፣ እሱን ተይው፤ ቆይቷል» አሏት።

«ሐበሻ ነዎት እንዴ እማማ? እንዴት አወቁ መቆየቱን?»

«ነክሰሽ እዪው። ደህና ብቅል ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ይሄ እርጥበት ገብቶበት ልምሾ ሆኗል። ከዚያኛው ውሰጂ።»

ልጅቱ ሁለቱንም ነከሰች፤ የያዘችውንም መለሰች። ስሟ ኖላዊት ነው። በስምንት ዓመቷ ከአዲስ አበባ መጥታ ፌደራል ዌይ ከተማ ያደገች፣ ዛሬ የመጠጥ ውሃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ የምትሠራ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት።

«እኔ እስከ ዛሬ ቢራ የምጠምቀው ከተዘጋጀ ሽሮፕ ነበር» አለች። «ከገብሱ ተነስቼ ስጠምቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ከጣሳ ገልብጦማ ጠመቅሁ አይባልም» አሉ እማማ፣ ፈገግ ብለው።

ኖላዊትም ሳቀች። ስንብት ላይ፣ «የሚመጣው ቅዳሜ መጥቼ ልውሰድዎት? ይህን ጥርስዎን እፈልገዋለሁ» አለቻቸው። እማማም እሺ አሉ። በዚህ አገር ማንም በጠመቃ ነገር ምክራቸውን ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

ያልነገሯት ግን አንድ ነገር ነበር። ከዓመት ወዲህ የጠመቁት ጠላ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶባቸዋል። የመጀመሪያው ጭራሽ ሳይፈላ ቀርቶ ኮመጠጠ፤ ሁለተኛው ሻገተ። የማኅበሩ ሰዎች ለይሉኝታ ብለው ብርጭቆውን ይዘው ተቀመጡ እንጂ አልጠጡትም። እማማም ሰው ፊት «ጌሾው ነው» አሉ። ጌሾውን ከአገር ቤት ያስመጣችው ወዳጃቸው ወይዘሮ ሣህሊቱ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ የሣህሊቱ እግር ከቤታቸው አጠረ። እውነቱን እማማ በልባቸው ይጠረጥሩታል። ስኳር ከያዛቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ የእጃቸው ጣቶች ከደነዘዙም ሰንብተዋል። ይህን ለሳሌም አልነገሯትም፤ ለሐኪማቸውም አልነገሩም። ሳሌም ከሰማች ምድጃ አታስነካኝም፤ ምድጃ ካልነካሁ ደግሞ ምን ቀረኝ ብለው ይፈራሉ።

ቅዳሜ ደረሰና ኖላዊት በመኪናዋ ወስዳቸው ጋራዥዋ ውስጥ ወንበር ሰጠቻቸው። በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ያካፋል። ትልቅ ብረት ድስት በጋዝ ምድጃ ላይ ተጥዷል። እሷ አንድ ባልዲ ውስጥ ፈሳሽ እየረጨች ነበር።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ እማማ።

«ጀርም የሚገድል ነው። ቢራው የሚፈላው እዚህ ውስጥ ነው።»

«መድኃኒት በቢራ ልታጠጪን ነው?»

«በልኩ ከተበጠበጠ ሰው አይጎዳም። እርስዎ እንስራውን ምን ያደርጉታል?»

«በግራዋ አጥባለሁ። ከዚያ በወይራ አጥነዋለሁ።»

«ለምን ያጥኑታል?»

«ደህና እንዲሸት ነዋ።»

«ሳያጥኑት ሲቀሩስ?»

«ጠላው ይበላሻል።»

«ለሽታ ብቻ ከሆነ ለምን ይበላሻል?»

«እናቴ እሱን አልነገረችኝም» አሉ እማማ።

«የእናትዎ ሥራ ልክ ነበር። ምክንያቱን ያልነገሩዎት ለእሳቸውም የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ግራዋውና ጭሱ ዕቃውን ያጸዱታል፤ ይሄም ፈሳሽ ያንኑ ነው የሚሠራው።»

እማማ ባልዲውን አሸተቱና ወንበራቸውን ወደ ድስቱ ሳብ አደረጉ።

ቀጥሎ ኖላዊት ቀጭን የብረት ዘንግ ውሃው ውስጥ ነከረች። በጫፉ ቁጥር ይነበባል።

«ይህቺ የሙቀት መለኪያ ናት። ውሃው በፋራናይት መቶ ስድሳ ሦስት ዲግሪ ሲደርስ ገብሱን እጨምራለሁ። ገብሱ ሲገባ ወደ መቶ ሃምሳ ሁለት ይወርዳል። እዚያ ላይ አንድ ሰዓት ሲቆይ ዱቄቱ ወደ ስኳር ይለወጣል። በጣም ከጋለ ግን ብቅሉ ውስጥ ያለው ለዋጭ ይሞትና ሥራው ይቀራል።»

«እናቴ የሦስት መቶ ሰው ሠርግ ጠላ ስትጠምቅ ያለ መለኪያ ነው። እጇን ነክራ ታውቀዋለች። እኔም እንደዚያው።»

«አምናለሁ። እኔ ግን የእናትዎ እጅ የለኝም፣ እማማ።»

«እጅ ይማራል።»

«ይማራል። ግን እንዴት አድርገው ያወርሱታል? ሳሌምን ‹ይህን ያህል ሲፋጅ› ብለው ነው የሚያስተምሯት? ከብርድ ለገባ እጅ ለብ ያለውም ይፋጀዋል። ቁጥር ግን ለእኔም ለእርስዎም አንድ ነው።»

«ሳሌም መች ትማራለች» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ቀነስ ብሎ። «ሦስቴ ሞክራ ተወችው። ‹በዓይን በእጅ› እያልሽ አታስተምሪኝ ትለኛለች።»

ኖላዊት ወደ ጠረጴዛው ዞራ ቢራው የሚመርበትን አበባ መመዘን ጀመረች። እማማም የሚያውቁትን ሊያሳዩዋት ፈልገው ተነሡና ሦስት ጣታቸውን ድስቱ ውስጥ ነከሩ። ጠበቁ። ምንም የለም።

«ገና ነው» አሉ። «እሳቱን ጨምሪበት።»

ኖላዊት ዞረች። መለኪያው ላይ መቶ ሰባ ይነበባል፤ የእማማ ጣቶች አሁንም ውሃው ውስጥ ናቸው። በአንድ እርምጃ ደርሳ እጃቸውን አወጣች፣ እሳቱን አጠፋች፣ ወደ ጥጉ ቧንቧ ወስዳ ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀችበት። ጣቶቹ ቀልተዋል።

«እማማ፣ አላመመዎትም?»

«ትንሽ ነው።»

«እውነቱን ይንገሩኝ።»

እማማ የሚወርደውን ውሃ አዩ። ለትልቅ ሴት በልጅ ፊት ማፈር ከባድ ነው፤ ሆኖም ኖላዊት እጃቸውን የያዘችው በጥንቃቄ ነበርና ሊዋሿት አልፈለጉም።

«አልተሰማኝም» አሉ። «ከዓመት ወዲህ አይሰማኝም።»

ኖላዊት ሃያ ደቂቃ ሙሉ እጃቸውን ከውሃው ሥር አላወጣችም። እማማም በዚያ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ሁለቱ ጠላዎች፣ ስለ ሳሌም ሁሉንም ነገሯት። እሷ አልገሠጸቻቸውም። ሲጨርሱ ብቻ፣

«ለማን ብለው ነው የሚደብቁት?» አለች።

«ጉልቻ ላይ እንደቀረ ድስት እንዳልሆን ብዬ ነው፣ ልጄ። ዛሬ ምድጃ ተይ ይሉኛል፤ ነገ ቢላዋ ተይ፤ ከዚያ ተቀመጪ።»

«ሐኪምዎ ቢያውቅ መከላከል የሚችለው ብዙ ነው። ካላወቀ ግን አንድ ቀን የከፋ ነገር ይመጣል፤ ያን ጊዜ በእውነትም ያስቀምጡዎታል። እጅዎ የማይነግርዎትን ይሄ መለኪያ ይንገርዎት። መነጽርዎን እኮ ዓይኔን ናቀብኝ ብለው አልጣሉትም።»

እማማ በግራ እጃቸው መነጽራቸውን ነካ አደረጉ።

ውሃው በዚህ መሐል ቀዝቅዞ ስለነበር እንደገና ተጣደ። በዚህኛው ጊዜ ቁጥሩን ያነበቡት እማማ ናቸው፤ «መቶ ስድሳ ሁለት… መቶ ስድሳ ሦስት፤ በይ አሁን» ሲሉ ኖላዊት ገብሱን ጨመረች። ከሰዓት በኋላ ጭማቂው ተጠልሎ ሲፈላና አበባው ሲገባ፣ «ይሄማ የፈረንጅ ጌሾ ነው» አሉና በማንኪያ ቀምሰው፣ «የመጨረሻውን እፍኝ ተይው፤ መራራው ይበቃዋል» አሉ። ኖላዊትም ዝርዝሯ የሚለውን ትታ የሳቸውን ሰማች።

መጨረሻ ላይ ጭማቂው ሲቀዘቅዝ ኖላዊት እርሾውን በእጇ ይዛ ትጠብቅ ነበር።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ከሰባ በታች እስኪወርድ። በትኩሱ ከጨመርኩት እርሾው ይሞታል።»

«ሲሞት ምን ይሆናል?»

«አይፈላም። ዝም ብሎ ይቀመጥና ሌላ ጀርም ገብቶ ያኮመጥጠዋል።»

እማማ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከምድጃ ያወረዱትን እንኩሮ በርዷል ብለው እርሾው ያለበት ጥንስስ ላይ የገለበጡበት ቀን፣ ከማድጋው የተነሣው እንፋሎት ትዝ አላቸው። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ አሁንም ትኩስ ይሆናል ብለው ፈርተው እንኩሮውን ሁለት ቀን አቆዩት፤ ሻገተ።

«ስለዚህ ጌሾው አልነበረም» አሉ።

ያን ማታ እራት ላይ፣ በፋሻ የተጠቀለለ ጣታቸውን ዘርግተው ለሳሌም ሁሉንም ነገሯት። ሳሌም ትንሽ አለቀሰች። ምድጃ ተይ ግን አላለችም፤ በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ መድኃኒታቸውን አስተካከለ፤ እጅና እግራቸውን በየቀኑ እንዲያዩ፣ ትኩስ ነገር ከመንካታቸው በፊትም እንዲለኩ መከራቸው።

የኖላዊት ቢራ በጥቅምት መጨረሻ ተከፈተ። ትንሽ ደፍረስ ያለ፣ አረፋው ቶሎ የሚጠፋ፣ ግን ደህና ቢራ ነበር። መራራው ልክ ሆኗል። የእማማን ጠላ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሳሌም አብራቸው ጠመቀች። እንኩሮው ወደ ስንት ዲግሪ ሲወርድ እንደሚገባ፣ ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ በደብተር ጻፈችው። «ይሄንንማ ብቻዬንም እችለዋለሁ» ስትል እማማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኛው መጣ። ወይዘሮ ሣህሊቱም መጥታ በር አጠገብ ተቀመጠች። ጠላው ተቀዳ፤ ይደገም ተባለ። እማማ ሙሉወርቅ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሣህሊቱ ፊት ቆሙና ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«አምና ጌሾሽን የከሰስኩት በሐሰት ነው» አሉ። «ጥፋቱ የእጄ ነበር። ስኳሩ አደንዝዞኝ ትኩሱን ከቀዝቃዛ መለየት አቅቶኝ ነበር፤ አፍሬ ደበቅሁት። ዛሬ በመለኪያ ነው የጠመቅሁት። ይቅር በይኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች ሣህሊቱ፣ ብርጭቆውን ተቀብላ።

ከጸሎቱ በኋላ ሌላው ሲጨዋወት ሣህሊቱ ተነሥታ ወደ ማእድ ቤት ተከተለቻቸው። በሩን ገርበብ አደረገችና፣

«ሙሉ፣ ያንቺ እጅ ነው» አለች በዝግታ። «የኔ እግር ነው። ባለፈው ሳምንት ሚስማር ገብቶበት ካልሲዬ ላይ ደም እስካይ አላወቅሁም። ለማንም አልተናገርኩም።»

እማማ ወንበር ሳቡላት። ካልሲዋን አውልቀው ቁስሉን በብርሃን አዩት።

እንግዲህ ልብ ያለው ያስተውል። የአባቶችና የእናቶች ሥራ ዕውቀት ነው፤ ምክንያቱ ሲታወቅ ለልጅ ይተላለፋል፣ ሳይታወቅ ሲቀር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። መለኪያ ባለሙያን አያዋርድም፤ የደከመውን እጅ ያግዘዋል። ሕመምን የደበቀ ሰው ወዳጁን እስከ መክሰስ ይደርሳል፤ የተናገረ ግን ራሱ ይድናል፣ ሌላውንም ያናግራል።

«ነገን አትጠብቂም» አሉ እማማ፣ ካልሲውን ሳይመልሱላት። «ሳሌም መኪናዋን ታስነሣ፤ አሁኑኑ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»