ቆሽት መንዳት ሲማር

አባቴ አዲስ አበባ፣ ወሰን ሰፈር አካባቢ ስንቱን ሰው መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ስኳር ተገኘበትና በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። ታዲያ አንድ ቀን ደስ ይበለው ብዬ ስልኬ ላይ ያነበብኩትን ነገርኩት፤ ተመራማሪዎች ኢንሱሊን የማያመርቱትን የቆሽት ሴሎች ሥራ አስቀይረው እንዲያመርቱ ለማድረግ እየሞከሩ ነው አልኩት። ገና ሙከራ ላይ ነው ማለቴን ግን የሰማ አልመሰለኝም።

ሰሞኑን አንድ ቀን ጠዋት ልጠይቀው ብገባ የውሃ ጆግ አቅፎ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ከንፈሩ ደርቋል። ፍሪጁን ስከፍት የኢንሱሊኑ ብልቃጥ እንደታሸገ ነው።

"አባዬ፣ መርፌውን ትተኸዋል እንዴ?"

"ተይኝ እስቲ፣ እየለመዱ ነው" አለኝ። "አስተማሪው መሪውን ከያዘለት ተማሪ መቼም አይለምድም። መርፌው ሁልጊዜ እየሠራላቸው ሴሎቹ በምን ይማሩ?"

ላስረዳው ብል ጊዜ የለም፤ ብቆጣው ደግሞ እልኸኛ ነው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ "አንተ ተማሪህን የእንጦጦን ቁልቁለት ስታስወርድ፣ በአንተ በኩል ካለው ፍሬን ላይ እግርህን አንስተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

ጆጉን ከእቅፉ አውጥቶ አስቀመጠ።

"አላውቅም" አለ ቀስ ብሎ፣ ሸሚዙንም ገለጠልኝ።

የተለመደውን መጠን ወግቼው በታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ይዤው በረርኩ። እስክንደርስ ድረስ ቀኝ እግሩ የመኪናውን ወለል እንደ ፍሬን ተጭኖ አልለቀቀም። የእኔም።