ሸሚዝ የዋጠው ሞተር

እንዴት ነሽ እህቴ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? እኔማ ደህና ነኝ። በዚህ ሳልፍ በሩ ገርበብ ብሎ አየሁና ልጠይቃት ብዬ ነው። ተቀመጪ፣ ለእኔ ብለሽ አትነሺ። ሻዩም ይቆይ። መጋረጃ ቀየርሽ መሰል... ያምራል። ቤቱን ብርሃን አደረገው።

ስገባ ሚኒባሷን አየኋት። ታጥባ ቆማለች። ወንድሜም በሕይወት ሳለ ልክ እንዲህ አጥቦ ነበር የሚያቆማት፤ ነፍሱን ይማረው። «እኔ ብሞትም ይቺ ሚስቴንና ልጆቼን ታበላለች» ይል አልነበር? ይኸው እንዳለው እሷው ናት የምታበላችሁ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይላሉ፤ አንቺ ግን እንቅልፍሽ ደህና ነው አይደል?... እሰይ።

ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋ አልረጋ ብሎ ሞተሯ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ታፏጫለችም አሉኝ። ነገ ጠዋት አማችሽ ሊፈታት ነው አሉ። ለካ ለዚህ ነው ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው። ቤት ውስጥ ባለሙያ እያለ ውጭ ምን ያስኬዳል? ጓዳ ነው እንዴ ያለው? ይብላ፣ ይብላ፣ አትጥሪው። እሱን የሚመለከት ነገር የለኝም። እንዲያው መኪናዋን ሳይ አንድ ሌላ ሰው ትዝ ብሎኝ ነው። ሌላ ሰው ነው... ስሙን ምን ያደርግልሻል?

ያ ሰው መካኒክ ነው። ቱታው ሰማያዊ፣ ሁልጊዜ ንጹሕ። ሌላው መካኒክ እስከ ክርኑ ግሪስ ለግሪስ ሲሆን እሱ ላይ ጠብታ አታዪበትም። ሥራ የማይነካው ሰው ነው... እድፍ የማይነካው ማለቴ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ከየት ታገኛለሽ?

ጎረቤቴን፣ ጡረተኛውን ሹፌር ታውቂው የለ? ጠዋት ጠዋት የፋብሪካ ሠራተኞች የሚያመላልሰውን። የእሱም መኪና እንዳንቺዋ ማፏጨት ጀመረች። ሞተሯ በማይገባ ቦታ አየር እየሳበ ነው አሉት። ይህንን ሰው ቤቱ ድረስ አስመጣው። ሌሎቹ መካኒኮች አየር የሚያስገባውን ቦታ ውሃ እየረጩ፣ እያዳመጡ ነው የሚፈልጉት። እሱ ምን በወጣው? ኮፈኑን ከፈተ፣ ጆሮውን አንዴ ጣል አደረገና «ማኒፎልዱ ይነሳል፤ ለእኔ ተዉት» አለ። ማኒፎልድ የሚሉት ሞተሩ አናት ላይ ያለው፣ ሞተሩ የሚተነፍስበት ሳጥን ነው። እሱን ለማንሳት ስንት ቱቦና ስንት ሽቦ እንደሚነቀል አትጠይቂኝ። ሲነቅል ብታዪው ዶሮ የሚነጭ ነው የሚመስለው። ሌላው ሰው ሲመልሰው እንዳይሳሳት በየቱቦው ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክት የሚያስፈልገው ለሚጠራጠር ሰው አይደል? እሱ ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። መታደል ነው።

ሹፌሩ እንደ እኔው ስጉ ነው። አጠገቡ ቆሞ ዓይኑን ያቁለጨልጫል እንጂ ደፍሮ አይጠይቅም። ሳጥኑ ሲነሳ ከሥሩ የሞተሩ አራት አፍ ክፍቱን ቀረ። በዚያ በኩል አንድ ብሎን ቢገባ ሞተሩ አለቀለት። ሰውዬው ይህን ያውቃል፤ ጥንቃቄውን አልረሳም። «ጨርቅ አምጡ» አለ። የሹፌሩ ሚስት የባሏን አሮጌ ሸሚዝ አራት ቦታ ቀዳ ሰጠችው። አራቱንም አፍ ወታተፈው። እዚህ ላይ እጁን አላማም። ብሎን የሚባል ነገር አልገባም።

ከዚያ አየር እንዳያልፍ በመሃል የሚገባውን ጋርኒሽን በአዲስ ቀየረ፣ ሳጥኑን መለሰ፣ ብሎኑን አጠበቀ። እያጠበቀም በስልክ ያወራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለእኔና ለአንቺ ብጤ ነው... እሱ ምን ይሆናል? እጁን ሲታጠብ ሴትየዋ ጨርቆቹን ሰበሰበች። ሦስት ናቸው። መኪናው ሥር ብታይ፣ የዕቃ ሳጥኑን ብታገላብጥ፣ አራተኛው የለም። ነገረችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? «እማማ፣ እኔ ሞተር እሠራለሁ፣ እርስዎ ጨርቅ ይቆጥራሉ?» ደግሞ ሲስቅ ያምርበታል። አይተሽዋል... ብታዪው ማለቴ ነው።

መኪናዋ ተነሳች። ተነሳችና እንደ አስም በሽተኛ ትስል ጀመር። ሹፌሩ ፈራ ተባ እያለ «ልጄ፣ አንደኛው ፒስተን የሚሠራ አይመስለኝም» ቢለው «ትለምዳለች» አለው። ሙሽራ ናት እንዴ የምትለምደው? ሙሽራስ ብትሆን... ተይው፣ ሙሽሮች ስንቱን ይለምዳሉ።

ሳሉ ሲብስ ካንዴላውን ቀየረ። ቀጥሎ ቤንዚኑ ነው አለ። ቀጥሎ የሹፌሩ እግር ነው አለ፤ ነዳጅ ሲረግጥ ይከብዳል ብሎ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ላይ የኖረ ሽማግሌ እግሩን ለማስተካከል ሞከረ እኮ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? ግን ለጋስነቱን ተመልከቺው። ከጥፋቱ ለራሱ ቅንጣት ሳያስቀር ለሁሉም አዳረሰ።

አንድ ጠዋት ሠራተኞቹን እንደጫነች ዳገት ላይ ቀጥ አለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እሷም ቀስ በቀስ በሰው እግር ሄደች። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ገፏት። በማግስቱ ፋብሪካው ሌላ መኪና ያዘ። ሹፌሩ አሁንም ጠዋት ተነስቶ ይለብሳል፣ ጫማውን ያስራል፣ በር ላይ ይቀመጣል። የሚሄድበት የለውም።

በኋላ ሌላ ጋራዥ ሳጥኑን ሲያነሱት አንደኛው አፍ ውስጥ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? የሹፌሩን ሸሚዝ፣ ከነደረት ኪሱ። ሞተሩ ስቦ ስቦ ቫልቩ ሥር ወሽቆታል። ያቺ ስታፏጭ የነበረች የተሰነጠቀች ቱቦ ደግሞ ከሳጥኑ ጀርባ እንደ ድሮዋ ቁጭ ብላለች፤ ዘወር ብሎ ያያት የለም። ጨርቁን ወስደው ለሰውዬው አሳዩት። ይደነግጣል ብለሽ ነው? «ሌላ መካኒክ ቢሆን የሚረሳው ብሎን ነበር» አላቸው። እውነቱን እኮ ነው። እንዲህ ራሱን ማጽናናት የሚችል ሰው ሆድ አይብሰውም። ሆድ የሚብሰው ባለመኪናውን ነው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ለምን አወራሁ?... እንጃ። እርጅና ነው። አማችሽ እንደሱ ነው አላልኩም። ሰማያዊ ቱታ የሚለብሰው ስንቱ ነው? «ለእኔ ተዉት» ማለትም የሁሉም ሰው አፍ ነው። ልጅሽ ትወደዋለች፣ አንቺም እንደ ልጅሽ ታዪዋለሽ፤ በመሃል ገብቼ ነገረኛ ልባል? አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ነገ ጨርቅ ሲጠይቅሽ... የወንድሜን ሸሚዝ አትስጪው።

ቁልፉን ምነው አነሳሽው? ወደ ኪስሽ... ይሁን። እኔ ምንም አላልኩም፤ ምንም አላየሁም።

ኧረ መጣ። ደህና ነህ ልጄ? ና ወዲህ፣ ስላንተ ደግ ደጉን ስናወራ ነበር። እኔ እንኳ መሄዴ ነው፤ ሽማግሌ ግን ሳይመርቅ አይወጣም። ጎንበስ በል። ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ትዳርህን ይባርክልህ። የሰው መኪና ስትሠራ መኖሩ ይብቃህና ፈጣሪ የራስህን መኪና ይስጥህ። ስትበላሽብህም የሌላ መካኒክ እጅ አይድረስባት። ሁልጊዜ አንተው ሠርተሃት፣ እስከ ዕድሜህ ፍጻሜ እሷን ብቻ ያስነዳህ።

አሜን በል እንጂ ልጄ።