የክርስትና ጊደር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና አንዲት ወጣት ያወራሉ።

«ወዴት ነዎት፣ እናቴ?»

«ሞጣ ሆስፒታል፣ ለቀጠሮ።»

«ወጪው አይከብድም?»

«የጤና መድን ካርድ አለኝ። እንደኔ ላለ ድሃ መዋጮውን መንግሥት ይከፍላል። ከሀብታሙ እኩል ተሰልፌ ነው የምታከም።»

«ድሮስ?»

«ድሮማ ታምሜ፣ ለትልቁ ልጄ የክርስትና አባቱ የሰጡትን ጊደር ሸጠን ነው የታከምሁ።»

«ውይ፣ የልጅ ጥሪት!»

«ምን ላድርግ ልጄ! ካርዱ ከመጣ ወዲህ ግን የታናሹን ጊደር አልነካንም። ይኸው ዘንድሮ ወለደች።»

«እሰይ! ጥጃዋም የእሱ ናታ?»

«ለታላቅ ወንድሙ ሰጣት እንጂ! ‹እናታችንን ያቆየችልን ያንተዋ ናት› ብሎ።»

ሞጣ ስንወርድ ስልኬን አውጥቼ የታላቅ ወንድሜን ቁጥር ፈለግሁ።