በሚካኤል ማን አረመ?

በዓል ተደራርቦ በመንደራችን በኮሶዬ ጓሮውን ያረመ ሰው አልነበረም። የሰው ሁሉ ጎመን በአረም ሲዋጥ የእኛ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ቆመ። ጎረቤታችን አያ መንግሥቴ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው እናቴን ጠሯት። «ምነው እታለም፣ በሚካኤል ታርሚያለሽ?»

«ኧረ አያ፣ ማርያምን አላረምኩም!» አለች ደንግጣ። እኔ እንኳን ለሽማግሌ ልመልስ፣ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም እጄን አውጥቼ ጠይቄ አላውቅም። ግን የእናቴ ስም ነው የተነሳው። «ይግቡ አያ» ብዬ በሩን ከፈትኩና መሬቱን ያለበሰውን ደረቅ ሐረግ ገለጥኩላቸው። ከሥሩ ብርሃን አጥቶ የነጣ፣ የሞተ የአረም ቡቃያ ነበር። «ክረምቱን ለከብት መኖ የሚሆነውን ቬች ጥቅጥቅ አድርጌ ዘራሁ። ሊያብብ ሲል አጭጄ እዚያው አነጠፍኩት፤ ጎመኑን በመሃሉ ተከልን። አረሙን ያፈነው እሱ ነው።»

አያ መንግሥቴ በዘንጋቸው ጫር ጫር አድርገው ሳቁ። «ታዲያ በሚካኤል የሠራው ይሄ ሣር ነዋ! ሸጋ ነው። ዘሩን ለእኔም አስቀሪልኝ» አሉኝ።

አሁን እናቴ በደጅ የሚያልፈውን ሁሉ ጓሮ ታስገባለች። «የልጄ ሥራ ነው» ብላ የምትጀምረው እሷ ናት፤ ሐረጉን ገልጬ አስረድቼ የምጨርሰው ግን እኔ ነኝ።