የእትዬ ዘርፈሽዋል ቲሊዮዎችና የሰኞው አስፋልት

እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ይቀመጡ። ሳህን ማንሣቱን ለዛሬ እንኳ ለሌላ ሰው ይተዉት። እርስዎ ተቀምጠው እኔ ቆሜ የማወራበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከመጣ አይቀር ልጠቀምበት።

ለእንግዶች፣ ጤናዬ እባላለሁ። ዛፍና አትክልት በምትንከባከበው በዚህች ኮፔራቲቫችን ውስጥ ከእትዬ ዘርፈሽዋል ጋር አንድ አካፋ ስንቀማማ የኖርኩ ነኝ። ፕሬዚዳንታችን ሰላሙ ይህን የጡረታ መሸኛ ንግግር ሲሰጠኝ አጠር ያለ፣ ሳቅ ያለበት፣ ማንንም የማያስከፋ ይሁን ብሎኛል። ሳቁን አመጣለሁ። ስለ ቀሪው ግን ቃል አልገባሁለትም፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የያዝኩት ነገር አለ፣ ሳልናገረው አልቀመጥም።

አሎራ፣ እንግዲህ ከመጀመሪያዋ ቀን እንነሣ። እትዬ ዘርፈሽዋል ወደዚህ ማጋዚኖ፣ ወደ መጋዘናችን የመጡት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ተጫምተው ነው። ቀኑ እሑድ ስላልነበር መርዶ ሊነግሩን የመጡ መስሎን ሁላችንም ብድግ አልን። እሳቸው ሰላም እንኳ ሳይሉን ከቦርሳቸው የወጥ ቤት ሹካ አወጡ። ምሳቸውን ይዘው ነው የመጡት ብለን ወንበር አቀረብን። ወንበሩን አልፈው በራችን ላይ ወዳለችው ዛፍ ሄዱና ጎንበስ ብለው ሹካውን ግንዱ ሥር መሬቱ ላይ ተከሉት። አልገባም። ቢገፉት ታጠፈ። የታጠፈውን ሹካ ይዘው ወደ ሰላሙ ዞሩ፦ "ልጄ፣ ሹካ የማይገባበት አፈር ውስጥ ሥር በምን ጉልበቱ ይገባል?"

ሰላሙ ያን ቀን መልስ አልነበረውም። መልስ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፤ ቀጠራቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጠባያቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሞቶሪኖውን የዛፍ ሥር ላይ ያቆመ ሰው ካገኙ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ እንደ ዘበኛ ቆመው ይጠብቁታል፤ ሲመጣም አይጮኹም፣ ስለ እናቱ ጤና ይጠይቁታል። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሞቶሪኖውን ያነሣል። ጥጉ ላይ ያለው ባር ሠራተኛ ደግሞ የወለል ማጠቢያውን ውሃ ከነቫሬኪናው ዛፉ ሥር የመድፋት ልማድ ነበረው። እትዬ አንድ ቀን ኩባያ ይዘው ገቡና ከዚያው ከባልዲው እንዲቀዳላቸው ጠየቁት። "ሲኞራ፣ ይገድልሻል እኮ" አላቸው። "እሱንስ?" ብለው በመስኮቱ ዛፉን አሳዩት። ከኔ አልሰማችሁም እንጂ፣ ያ ሰውዬ አሁን በበጋ ንጹሕ ውሃ ያጠጣዋል።

ዛፍ ዛፍ የምለው ስለ ሁሉም አይደለም። ስለ ቲሊዮዎቹ ነው። እዚሁ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ስለተሰለፉት፣ በሰኔ ሲያብቡ ሽታቸው የሚቸኩለውን ሰው ሁሉ ስለሚያስቆመው። መንገዷ የአንድ ኮንዶሚኒዮ፣ ማለት የአንድ የጋራ ሕንጻ ነዋሪዎች የግል ንብረት ናት፤ ዛፎቹን የመንከባከቡ ኮንትራቶ ደግሞ የኛ ነው። እትዬ እዚያ ሕንጻ ላይ የአንዲት አሮጊት ባዳንቴ፣ አዳሪ አስታማሚ ሆነው ለዓመታት ኖረዋል። አሮጊቷ ከአልጋ መነሣት ስለማይችሉ ክረምቱን ከበጋ የሚለዩት መስኮቱ ላይ በምትታየው ቅርንጫፍ ነበር። ቅርንጫፏ ቅጠሏን በየዓመቱ ቀድማ እያረገፈች መጣች። በመጨረሻ አሮጊቷም ሞቱ፤ እትዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሥራቸውንም፣ የሚያድሩበትን ጣሪያም አጡ። ሌላ ሰው ቢሆን ሌላ አሮጊት ይፈልግ ነበር። እሳቸው ሹካ ይዘው ወደኛ መጡ። ለምን እንደመጡ ስጠይቃቸው ያሉኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም፦ "ሲኞራዬን አስታምሜ ቀብሬያለሁ። ዛፎቹን ግን አስታምሜ አልቀብርም።"

እንዴት እንዳስታመሟቸው ታውቃላችሁ? በጾም ነው።

እንግዶቻችን አትሳቁ፣ ላስረዳ። በሁዳዴ፣ በሐዋርያት፣ በፍልሰታ፣ በነቢያት የኛ ሰው ጓዳ ውስጥ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ አጥንት የለ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የድንች ቅርፊት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሲበሰብስ አይጥ አይጠራም፣ አይከረፋም። እትዬ ይህን ያዩ ቀን የኮፔራቲቫችን የሥራ መርሐ ግብር በጾም ሆነ። በየሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ልጣጩን በባልዲ ያጠራቅማሉ፣ እሳቸው በሜትሮና በትራም እየዞሩ ይሰበስባሉ። አንድ ጊዜ ሜትሮ ውስጥ ተቆጣጣሪው ባልዲው ምን እንደያዘ ቢጠይቃቸው ለታመመ ምሳ እያደረሱ መሆናቸውን ነገሩት። ክዳኑን ከፍቶ አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ክዳኑን መልሶ ገጠመና "ፖቬሬቶ" ብሎ ለበሽተኛው አዝኖ ሄደ።

ያ ልጣጭ ከተፈጨ ቅርንጫፍና ከደረቀ ቅጠል ጋር ከማጋዚኖው ጀርባ ባሉት ሣጥኖች ይከርማል፣ እየተገላበጠ። ዝናብ እንደነካው መሬት መሽተት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ የደረቀውን መሬት ሥሩን ሳንነካ እናላላለን፣ አዲሱን አፈር እናለብሰዋለን፣ ከላይ የእንጨት ፍቅፋቂ እናስተኛበታለን። በቃ። አስማት የለውም። አግሮኖማችን፣ የተክል ባለሙያዋ ሔራን ከኛ በፊትም ይህንኑ ስትል ነበር፤ አፈሩን በላቦራቶሪ አስመርምራ፣ አየርና ውሃ የማያልፍበት ድንጋይ ሆኗል ብላ ለኮንዶሚኒዮው አስረድታለች። ያኔም ሰምተዋል። ማንም አላውቅም ነበር ማለት አይችልም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አሁን የምነግራችሁ ነገር ባለማወቅ የሚደረግ ቢሆን ኖሮ አልናደድም ነበር።

ቆይ፣ ሳቁን ቃል ገብቻለሁ። ማርቲ፣ አትደበቂ።

ማርቲ አዲስ የመጣች ሰሞን፣ ፋሲካ ላይ፣ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውሉ ባልዲውን አደራ ሰጧት። ማርቲ ከየቤቱ የበዓሉን ትርፍራፊ፣ የዶሮውንም የበጉንም አጥንት ሰብስባ፣ ሣጥን ምናምን ሳትል በቀጥታ አንደኛው ቲሊዮ ሥር ቀበረችው። ጠዋት ላይ ጋቢያኖ የምንላቸው እነዚያ ዶሮ የሚያካክሉ የባሕር ወፎች መንገዱን ወረሩት። ጉድጓዱን ቆፍረው፣ አጥንቱን ዘርተው፣ አንዱማ የበግ ቅልጥም ይዞ ተነሥቶ ከመኪና ሁሉ መርጦ የኮንዶሚኒዮው አስተዳዳሪ መስታወት ላይ ጣለው። እትዬ መጥተው ማን እንዳደረገው ጠየቁ። ማርቲ አልዋሸችም። "እኔ ነኝ እትዬ። ሁላችንም ስንፈስክ እሱ ብቻ በጾም ይቅር እንዴ ብዬ ነው።"

ሊቆጧት ፈልገው ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ፣ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ግን ዛፉን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ተንበርክከው አጥንቱን አብረዋት ለቀሙ። "ዛፍ ባሕታዊ ነው" አሏት፣ "አይፈስክም።"

እዚህ ላይ ሳቁ ያበቃል። ያ አስተዳዳሪ ያንን ቅልጥም አልረሳውም። በእያንዳንዱ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ "ቆሻሻ ጉድጓዶች" እያለ ሲያነሣ ኖረ። ሞቶሪኖ ማቆሚያ የሚፈልጉትም ደገፉት። በዚህ ጸደይ፣ ብዙ ሰው ባልተገኘበት ስብሰባ፣ ክፍት መሬቱ እስከ ግንዱ ድረስ በአስፋልት ይደፈን ተባለ። ለአንድ የፋሲካ አጥንት ስንት ዓመት የተለፋበት አፈር ይደፈን። ደፋኙስ ማነው? ሥራውን ማን ተቀበለ?

እኛ ነን። ማክሰኞ ዕለት፣ እትዬ በቀራቸው ፈቃድ ቤታቸው ሳሉ፣ ሰላሙ ሰብስቦ ነገረን። ሰኞ ጠዋት በኛው መኪና፣ በኛው አካፋ፣ በኛው እጅ። ደግሞም እስኪሸኙ ዝም በሉ፣ ደስታቸውን አታበላሹ አለን። ደስታቸውን ነው ያለው። ሰው ከነሕይወቱ እየተቀበረ ለአስታማሚው ኬክ ቆርሰን ልናበላ ነው።

እትዬ፣ ቦርሳዎን ያስቀምጡ። የት ነው የሚሄዱት? ዛሬ ማንም አስፋልት አያፈስም፣ ሰኞ ነው። ይቀመጡ።

ሰላሙ፣ እኛ እምቢ ብንል ሌላ ድርጅት ያደርገዋል ብለሃል። ሌላው ሊያንቀው ነውና እኛ እንቅደም ማለት ምን የሚሉት ደግነት ነው? ደግሞም እውነት አይደለም። ሔራን ኮንትራቶውን አንብባልናለች፤ እስከ መስከረም በኛ እጅ ስለሆነ ያለኛ ፈቃድ የዛፎቹን ሥር ማንም አይነካም። በመስከረም ነዋሪዎቹ በሙሉ ከእረፍት ተመልሰው ይሰበሰባሉ። ያኔ ገብተን እንናገራለን፣ ግማሹ ሕንጻ እትዬን በስማቸው ይጠራል። የሚያስፈልገን ሰኞን ማለፍ ብቻ ነው።

ጥጉ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሁላችሁም ታልፉበታላችሁ። እዚያ የነበረውን ቲሊዮ ከኛ በፊት ኮንትራቶውን የያዙት ሥሩን በሲሚንቶ ደፈኑት። ዝናቡ ወደ ቱቦ ሄደ። ሥሩ ትንፋሽ ፍለጋ ንጣፉን እየፈነቀለ ወጣ፤ እንቅፋት ሆነ ብለው ቆረጡት። ከዚያ አንድ የበጋ ማዕበል ገነደሰው። አርጅቶ ነው ተባለ። አላረጀም። አንቀውት ሲያበቁ ደካማ አሉት። እንዲህ ዓይነቱን ነገር እኛ በሰው ቤት የሠራን ሴቶች እናውቀዋለን፤ ትንፋሽ ነሥተውሽ ሲያበቁ ለምን ከሳሽ ይሉሻል።

እትዬ ዘርፈሽዋል፣ አሁን ለእርስዎ ብቻ ልናገር።

እናቴ ደሴ ላይ ያረፈች ጊዜ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እድሳት ላይ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም። ቤት ዘግቼ ልቀመጥ ስል መጥተው አካፋ ሰጡኝ። ለቅሶ በአራት ግድግዳ መሐል አይወጣም አሉኝ። ከቲሊዮዎቹ አንዱ ሥር ወሰዱኝና "አልቅሺ፣ ግን እየቆፈርሽ" አሉኝ። አለቀስኩ፣ ቆፈርኩ። አላፊ አግዳሚው አየኝ፣ እርስዎ ከጎኔ ፍቅፋቂውን እየበተኑ ለሚጠይቀው ሁሉ "እናቷ ሞታለች" ይሉ ነበር። የማላውቃቸው የሕንጻው ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። የእናቴን ለቅሶ የተቀመጥኩት እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ሰኞ የሚደፈነው እሱ ነው። ስለዚህ አጠር ጣፈጥ ያለ ንግግር ከየት ላምጣ?

አመሰግናለሁ። በሁላችንም ስም አመሰግናለሁ። በዚህ ከተማ የመጣንበትን እንጂ የቆምንበትን የሚጠይቀን አልነበረም፤ እርስዎ የቆምንበትን መሬት እንድንነካው፣ እንድናሸተው፣ እንድንሟገትለት አደረጉን።

እንግዲህ ብርጭቆ ይነሣ። ግን ስሙኝ፣ የዛሬው ብርጭቆ እንደ ሌላ ጊዜው አይደለም። የሚያነሣ ሰው ሰኞ አስፋልት አይጭንም፣ አያፈስም፣ አይደለድልም። ማንሣት ያልፈለገ ይተወው፤ ልጆች እንደምታሳድጉ አውቃለሁ፣ አልቀየምም። ያነሣ ግን ሰኞ ጠዋት ቲሊዮዎቹ ሥር ያገኘኛል።

ሔራን፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አየሁሽ። ማርቲ፣ በሁለት እጅሽ ማንሣት የለብሽም፣ አንድ ይበቃል። አባይ፣ የጭነት መኪናው ቁልፍ አንተ ኪስ ውስጥ ስለሆነ ያንተ ከሁሉም ይከብዳል። አነሣህ? ተባረክ፣ ልጆችህ ይደጉልህ።

እትዬ፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን። ጉልበትዎ ይረፍ፣ ምላስዎ ግን ለአንድ ቀን እንኳ አይረፍ። ጡረታዎ ጥላ ያለው ይሁን። ዛፎቹም እርስዎም የሚመጣውን ሰኔ አብራችሁ እዩት።

ሰላሙ፣ ያንተ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። ክፉ ሰው ብትሆን እዚህ ቆሜ አልለምንህም ነበር። ያኔ መልስ ስታጣ ትክክለኛውን ነገር ያደረግክ ሰው ነህ።

ማንም እንዳይጠጣ። እንጠብቀዋለን።